ሽኝት በአህያ መዞሪያ

እሁድ ጠዋት አህያ መዞሪያ ከእንቅልፉ የሚነሳው ለመጣላት ነው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል እትዬ ፌቨን ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ ታደርግና ደጇ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ! እጣቢህን በደጄ አትድፋ ብዬህ አልነበር?» ትላለች። ጋሽ ናቲ ከማዶው በር ብቅ ብሎ፣ «መንገዱን ካባትሽ ነው የወረስሽው?» ይላል። እሷ አንድ ትጨምራለች፣ እሱ ሁለት ይጨምራል። እግረኞቹ ሰማያዊ ሰደርያቸውን ለብሰው በአንድ መስመር ቆመው ያያሉ። ጆሯቸው ውስጥ የምታወራው ሴትዮ፣ «በስተቀኝ የምትሰሙት የሰፈር ጠብ ነው። ድሮ በየሰፈሩ ይገኝ ነበር። መገላገል አያስፈልግም። ወደፊት እንቀጥላለን» ትላቸዋለች። ወደፊት ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ሰደርያ ጥጉን ሲታጠፍ ጠቡ እንደ ቧንቧ ይዘጋል።

«ናቲዬ፣ ጉሮሮህ ሻከር ብሎብኛል ዛሬ» ትላለች እትዬ ፌቨን።

«ብርድ ነው ባክሽ። ደሞ አባቴን ባትነኪው ምናለ?»

«ጠቡ ሲሞቅ እኮ ነው ያመለጠኝ። ይቅርታ።»

ከዚያ ሁለቱም በየበርጩማቸው ቁጭ ብለው ቀጣዩን ቡድን ይጠብቃሉ።

ጠቡን የፈጠረው ናሁሰናይ ነው። እትዬ ፌቨን የእናቱ እህት ናት፤ እናቱ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችው እሷ ናት፣ አሁንም አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ጢም ካበቀለ ቆይቷል፣ ከትምህርት ጋር ግን ጢም ከማብቀሉ በፊት ነው የተሰነባበቱት። ሥራው ቧንቧ መጠገን ነው ይባላል። ዋናው ሥራው ሰው መሸወድ ነው፤ ሰው ሲያጣ ማሽን ይሸውዳል። አንዴ ዕቃ የሚያመላልሰውን በራሪ ሳጥን፣ ጋሽ ናቲ ሰው ሳይሆን ወንበር ነው ብሎ አሳምኖት፣ ሳጥኑ ሽማግሌውን ተሸክሞ እስኪጨልም ድረስ አላወርድም ብሎ ቆሟል።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የከተማ ሰው የሚኖረው ማማ ላይ ነው። ምግቡ በመስኮት ይገባል፣ ቆሻሻው በመስኮት ይወጣል፣ ሥራው ግድግዳው ላይ ነው። ሰው እግር እንዳለው እንዳይረሳ ተብሎ ሕግ ወጣ፦ የማማ ሰው በየሳምንቱ ከቡድኑ ጋር ወርዶ ሰፈር ለሰፈር፣ ፓርክ ለፓርክ ይዞራል። ያልዞረውን ሊፍቱ አያወጣውም። ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን አንዴ ከቀመሰ ሁለተኛ አይቀርም።

ሰው የመራመድ ግዴታ ሲመጣበት፣ ሰፈር ደግሞ የመረገጥ ግዴታ መጣበት። በደንብ ያልተረገጠ ሰፈር ይታጠፋል። ጠዋት ማሽኖቹ ይገባሉ፤ ማታ ሜዳ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሳር ነው፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበርና ፋኖስ ይተከልለትና ፓርክ ነው። ነዋሪው በሥርዓት፣ በትህትና፣ አበባ ተሰጥቶት በየማማው ይበተናል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። ያኔ እትዬ ፌቨንና ጋሽ ናቲ ሁለተኛ ላይጣሉ ነው።

መንደሩ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት አፍ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። አናቱ ላይ መብራት አለው፤ አረንጓዴ ከሆነ ሰፈሩ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ያሰጋል፣ ቀይ ከሆነ ሻንጣ ማዘጋጀት ነው። ምሰሶው የሚያየው ሰደርያ ብቻ ነው። ነባር የሚባለው ነዋሪ ቢሮጥ፣ ቢዘል፣ እስክስታ ቢወርድ ጉዳዩ አይደለም። ሰደርያ የለበሰ ሲገባና ሲወጣ ግን የመብራቱ ቀለም በጥቂቱ ይቀየራል። ነባር ወጣ ማለት ሲፈልግ ምሰሶው አጠገብ ቆሞ «ሄጄ እመጣለሁ» ይለዋል፤ ምሰሶውም «በሰላም ይመለሱ» ይለዋል። ሲመሽ ደወል ይደውልና ይዘጋል። በዚያች ሰዓት ሰደርያ ሳይለብስ ውስጥ የተገኘ ነባር ነው፤ ሰደርያ ለብሶ ውጭ የተገኘ እግረኛ ነው። ክርክር የለም፤ በጳጉሜ የመጨረሻ ደወል የተመዘገበ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ለሁለት ሰው የተመዘገበ ቤት ሁለት ሰው ከሌለው፣ ሰፈሩ አረንጓዴም ቢሆን ቤቱ ጎዶሎ ተብሎ ለብቻው ይታጠፋል።

አህያ መዞሪያ እንግዲህ የሚታይ ነገር የለውም። ስሙ ራሱ የወጣው፣ ድሮ እንጨት የጫነ አህያ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ስለሚጠበው ዞሮ ይመለስ ስለነበረ ነው ይባላል። ዞሮ በመመለስ የታወቀ ሰፈር ማን ብሎ ይመርጠዋል? ማዶ ያለው ሽንብራ ሜዳ ግን ሐይቅ አለው፤ ሐይቁ ላይ የማይበሉ፣ የማይታመሙ ነጫጭ ዳክዬዎች አሉ። ቡድኑ ሁሉ የት እንዙር ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሽንብራ ሜዳ ይላል።

ናሁሰናይ ይህ ነገር አናቱ ላይ ወጣበት። ፈንድቶ የነበረውን ትልቁን ቧንቧ መጠገን ሲገባው ተወውና ግድግዳው ላይ ቀስት ስሎ «ወደ ፏፏቴው» ብሎ ጻፈ። እግረኞች መጡ፣ አዩ፣ አንዳንዱም ፊቱን ረጨው። ጠባቧን መንገድ ደግሞ ጎኑ ግድግዳ ሳይነካ ያለፈ ሰው በዓመቱ ያገባል የሚል ወሬ ነዛ፤ ወፍራም እግረኞች ሆዳቸውን ሰብስበው ሲሞክሩ ማየት ራሱ ትርዒት ሆነ። ጋሽ ናቲን ደግሞ የመጨረሻው የታክሲ ረዳት አደረገው። ጋሽ ናቲ እኮ ዕድሜውን የጨረሰው ባንክ ቤት፣ መስታወት ጀርባ ቁጭ ብሎ ነው።

«ኧረ እኔ ረዳት ሆኜ አላውቅም!» አለ ጋሽ ናቲ የዚያን ሰሞን።

«ማን ያውቃል? አንገትህን በመስኮት አውጣና ‹ሞላ! አንድ ሰው የቀረው!› በል፣ አለቀ።»

«አንድ ሰው ከቀረው እንዴት ሞላ ይባላል?»

«ያኔ እንደዚያ ነበር የሚባለው። አትመራመር ጋሼ፣ ጩኽ።»

ጮኸ። አንዲት እግረኛ አለቀሰች።

ይህ ሁሉ ሆኖ መብራቱ ከቢጫ ፈቀቅ አላለም። ከተማው ሂሳቡን የሚዘጋው በጳጉሜ ነው፤ የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ደወል ሲደወል አረንጓዴ ያልሆነ ሰፈር አዲስ ዓመትን አያይም። ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ አላስወጣ አላስገባ ብሎ እግረኛው ሁሉ ሽፋን ያለው ፓርክ ውስጥ ሲዞር ነው የከረመው።

በመጨረሻዋ ቀን ሰፈሩ ያለውን ሁሉ አወጣ። እትዬ ፌቨን ተጣላች። ጋሽ ናቲ ተጣልቶ ሲያበቃ መስኮቱ ላይ ሮጦ ረዳት ሆነ። ልብስ የሌለው ሰው ከጎረቤት ተውሶ ገመድ ላይ አሰጣ፣ ድምቀት ነዋ። ከሰዓት በኋላ መብራቱን ያየ ሰው ቢጫ ነው ለማለትም ይቸግረዋል፤ ያልበሰለ ሎሚ መስሏል። አረንጓዴ ግን አይደለም።

የመጨረሻው ቡድን የመጣው ጥላው ሲረዝም ነው። እነዚህ ሰፈር ሊያዩ የመጡ አይመስሉም፤ የዓመቱን ዕዳቸውን ጨርሰው ሊፍታቸው ውስጥ መግባት ነው የፈለጉት። ከፊት አንድ ወፍራም ሰውዬ እያለከለከ ይመራል፣ ከኋላ አንዲት ቀጭን ወጣት እያነከሰች ትከተላለች። ሶልያና የሚባለው ስሟ የታወቀው በኋላ ነው።

«አንተ ሰውዬ! እጣቢህን በደጄ...» ብላ ጀመረች እትዬ ፌቨን። ልጅቷን ስታይ ጠቡ ከአፏ ወደቀ። «ውይ! ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ጫማው ልጦኝ ነው።»

«ምንም አይደል ይባላል እንዴ፣ ደም አይደለም እንዴ ይሄ? ነይ ቁጭ በይ። ናቲ፣ በርጩማህን አምጣ!»

ጋሽ ናቲ ግራ ገባው። «እየተጣላን አይደለም እንዴ?»

«በኋላ እንጣላለን። አምጣ!»

ልጅቷ ተቀመጠች። ቡድኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሯቸው ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ «ቆማችኋል። ወደፊት እንቀጥላለን» አለች፤ ያው ድምፅ ከሁሉም ጆሮ ትንሽ ትንሽ ያመልጥ ስለነበር ነባሮቹም ሰሟት።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ወፍራሙ ሰውዬ፣ «መቀመጥ አይፈቀድልንም።»

«ማነው ያልፈቀደው?»

ሰውዬው ጆሮውን አመለከተ።

«ለሷም ወንበር እናምጣላት?» አለ ናሁሰናይ። ሰውዬው ሳያስበው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ድካሙ ተሰማውና ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። እሱ ሲቀመጥ ሌሎቹም ተቀመጡ።

እትዬ ፌቨን ለብ ያለ ውሃ በጨው አምጥታ የልጅቷን ተረከዝ አጠበች። ከጎረቤት ቆሎ መጣ፤ ከሌላ ጎረቤት የማን እንደሆነ ያልታወቀ ብርቱካን መጣ። እግረኞቹ ሲያኝኩ ሴትዮዋ ጆሯቸው ውስጥ «ወደፊት እንቀጥላለን» እያለች ነበር፤ ማንም ቆሎ እያኘከ በደንብ አይሰማም። ናሁሰናይ ብቻ ዓይኑን ከምሰሶው አልነቀለም። ይህ ቡድን የመጨረሻው ነው። ገብቷል፤ ሲወጣ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል፣ ያችኑ ትንሽ። ከዚያ በኋላ ማሽን ነው።

«በሉ ይመሽባችኋል» አለች እትዬ ፌቨን ሲነሱ። «ቆዩ፣ ትንሽ ልሸኛችሁ።»

ጉልበቷን እያሸች ተነሳች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ «ሄጄ እመጣለሁ» አለችው፤ «በሰላም ይመለሱ» አላት። ከእግረኞቹ ጋር አስፋልቱ ድረስ ወጣች።

«እትዬ፣ ይበቃል፣ ይመለሱ» አሏት።

«ትንሽ ልግፋችሁ እንጂ፣ ምን አለ!»

«ጉልበትዎን እያመመዎት?»

«የኔ ጉልበት እንግዳ ስሸኝ አያመኝም።»

ወፍራሙ ሰውዬ አንጀቱ አልቻለም። «እንዲህማ አድርገን ብቻዎን አንመልስዎትም! በሉ እናድርሳቸው» ብሎ ዞረ። ቡድኑ በሙሉ ዞሮ እትዬ ፌቨንን ደግፎ እስከ ደጇ መለሳት።

ናሁሰናይ መብራቱን አየ። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። ሎሚው ትንሽ ወደ ቅጠልነት ሄዷል።

ዓመቱን ሙሉ ፏፏቴ ሲያፈስ፣ የባንክ ሠራተኛ በመስኮት ሲያስጮህ የከረመ ልጅ፣ እትዬ ፌቨን ከልጅነቱ ጀምሮ ስታደርገው ያየውን ነገር አላሰበውም ነበር። ሰደርያው ወጥቶ ከተመለሰ ምሰሶው ሌላ እግረኛ መሰለው። የዋህ ነው ምሰሶው።

«ጋሽ ናቲንስ?» አለ ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እሱ ሳይሸኛችሁ ልትሄዱ ነው? ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው፣ ዛሬ ሳይሸኝ ቢቀር ያመዋል!»

«እኔ?» አለ ጋሽ ናቲ።

«አዎ አንተ! ውጣ!» አለው ናሁሰናይ፣ ጆሮው ስርም ጠጋ ብሎ «መብራቱን እየው» አለው። ጋሽ ናቲ አየ። የባንክ ሰው ነዋ፣ ሲጨምር ሲቀንስ አይጠፋውም። ከዘራውን አንስቶ ቀድሟቸው ሄደ።

ጋሽ ናቲ ሸኛቸው፤ ጋሽ ናቲን መለሱት። የቆሎዋ ባለቤት ሸኘቻቸው፤ ነፍሰ ጡር ስለሆነች እሷንማ ሁሉም ካልደገፍን አሉ። ከዚያ የብርቱካኑ ሰውዬ። ከዚያ ጎረምሶቹ በጅምላ። ማንም ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም፤ ነባሮቹ ለመብራቱ ብለው ነው የሚሸኙት፣ እግረኞቹ ግን ነውር ስለሆነባቸው ነው የሚመልሱት። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ አንድ መንጋ ሰው ከመንደሩ አፍ ወጣ ይላል፣ አስፋልቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገጫጫል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ደጅ ላይ ይሳሳማል፣ ደግሞ ይወጣል። ሴትዮዋ መጀመሪያ «ወደፊት እንቀጥላለን» ትል ነበር። ቀጥሎ «ወደፊት...» ብቻ ማለት ጀመረች። ኋላ ላይ ዝም አለች።

ሶልያና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር አብራ ሞከረችና ተረከዟ እምቢ አላት። ተመልሳ የእትዬ ፌቨን በር ላይ ተቀመጠች፤ በላብ ስለተነከረች ሰደርያዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

ምሽቱ እየገፋ ነው። ወፍራሙ ሰውዬ «አሁንስ በእውነት ደከመን፣ ጌታዬ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» ብሎ ጨርሶ ሊሄድ ተነሳ። ነባሮቹ ሁሉ ምሰሶውን አዩ። አረንጓዴ ነው የሚል አለ፣ ገና ነው የሚል አለ። ጋሽ ናቲ «ገና ነው፤ አንድ ሰው የቀረው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ናሁሰናይ ሶልያና አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ሰደርያሽን አውሺኝ እስቲ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ምሰሶውን ልሸውደው። አንቺ ስለተቀመጥሽ አንድ እግረኛ ጎድሏል። እኔ ላንቺ ልውጣልሽና ተመልሼ እሰጥሻለሁ።»

«ያውቅብሃል።»

«ይሄ? ይሄ እንኳን እኔን እትዬን አያውቅም፤ ሰደርያ ነው የሚያውቀው።»

ሰጠችው። ጠበበው፤ እንደምንም ቆለፈው። እትዬ ፌቨን ስታየው «ይሄ ደሞ ምን ቅሌት ነው?» አለችው።

«ፋሽን ነው።»

«በል ወሬህን ትተህ ልጆቹን እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ምሰሶው ጋ እንዳትመለስ፤ እንግዳ እንደዚያ አይሸኝም።»

ወጡ። ናሁሰናይ መሃላቸው ገብቶ ወጣ። ሰደርያ የለበሰ «ሄጄ እመጣለሁ» አይልም፤ እሱም አላለም። ምሰሶውን እንዳለፈ ከኋላው እልልታ ተነሳ። ዞሮ ሲያይ መብራቱ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ጋሽ ናቲ ከዘራውን ወደ ሰማይ ወርውሮ መያዝ አቅቶት እየፈለገው ነበር።

ያኔ መመለስ ይችል ነበር። ሁለት እግር ማንሳት ነው። ግን እንግዳ እየሸኘ ነዋ። ወፍራሙ ሰውዬ እጁን ጨብጦ አልለቀው አለ።

«በል እንግዲህ፣ ደህና ሁን።»

«በሉ ደህና ሁኑ።»

«እትዬን ሰላም በልልን።»

«እሺ፣ ይሰማሉ።»

«ውይ፣ ለካ አሁን አይተናቸዋል! ለማንኛውም ሰላም በልልን። አንዳንዴ ብቅ በል እሺ? ምሥራቅ ማማ ነኝ።»

«እናንተም ብቅ በሉ።»

«እንመጣለን። በል እንግዲህ...»

«በሉ...»

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰው ትከሻ ሰጠ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ሴት ሦስቴ ሳመችው፣ አራተኛ አስባ ተወችው። ናሁሰናይ የአንዷን እጅ ይዞ፣ ለሌላው «መልካም አዲስ ዓመት» እያለ፣ ደወሉ ተደወለ።

እጁን ለቀቀና ሮጠ። ምሰሶው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እግረኛ ሆይ፣ የዛሬው ጉዞ አልቋል። መልካም አዲስ ዓመት» አለው። ከመሬቱ አንዲት የብርሃን መስመር ወጥታ የመንደሩን አፍ ዘጋች። ናሁሰናይ እግሩን አነሳ፤ እግሩ መስመሯ ላይ ሲደርስ ግድግዳ እንደነካ ተመለሰ።

«ኧረ እኔ ነኝ!» አለ። «የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ! ሰደርያውን እየቀለድኩ ነው የለበስኩት!»

«ስለቀልድዎ እናመሰግናለን» አለ ምሰሶው።

እልልታው ቀስ እያለ ጠፋ። አስፋልቱ ላይ ያሉት እግረኞች ጆሮ ውስጥ ሴትዮዋ ድምጿ ተመልሶላት፣ «ቡድኑ ሙሉ ነው። ወደፊት እንቀጥላለን» አለች።

ሶልያና እያነከሰች መስመሯ ጋ ደረሰች። «የኔ ጥፋት ነው። እኔ ልውጣ» አለች። «ከውስጥ መውጣት አይከለከልም አይደል?»

«አትውጪ!» አለ ጋሽ ናቲ፣ በከዘራው መንገዷን ዘጋ። ከዚያ አፍሮ ከዘራውን አወረደው። «ማለቴ... አንቺ ከወጣሽ እሱ አይገባም። ተዘግቷል። ቤቱ ደግሞ ጎዶሎ ይሆናል። ነገ ጠዋት የእትዬ ፌቨንን ቤት ያጥፉታል።»

እትዬ ፌቨን ከኋላ ቆማለች። ልጁን ነው የምታየው፤ እሱም እሷን ላለማየት ሰደርያውን ሲያስተካክል ነበር፣ የማይስተካከለውን።

«ሶልያና ነው ስምሽ?» አለ።

«አዎ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?»

«ከላይ ሁለተኛው።»

«ዕይታ አለው?»

«ደመና ነው።»

«በቃ ተመለሺና ቁጭ በይ። እዚያች በርጩማ ላይ። አልጋው በግራ በኩል ያለው ነው፤ አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ስትተኚ ወደ ግድግዳው ተጠጊ።» ቀጥሎም፣ «እትዬ ብዙ ትናገራለች፤ ግማሹን ስሚ፣ ይበቃል» አለ።

«ናሁዬ» አለች እትዬ ፌቨን።

ወፍራሙ ሰውዬ ክንዱን ያዘው። ሄዱ። ያን ቀን ከአህያ መዞሪያ የወጣውን የመጨረሻ እንግዳ አስፋልቱ ድረስ የሸኘው ሰው የለም፤ የመሸኘት ተራው የራሱ የእንግዳው ነበር።

አዲስ ዓመት በጥሩ ሁኔታ ገባ። ሊፍቱ ናሁሰናይን አፍታ ሳያቆም ተቀበለው። «እንኳን ደህና መጡ፣ ሶልያና» አለው። መስኮቱ «ሶልያና፣ ምሳ» ይለዋል፤ የሶልያና ምሳ ጨው የለውም። ግድግዳው ላይ ሥራ ይመጣል፤ ሥራው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም፣ የሚበራውን ይጫናል፣ ማንም አልተቆጣውም፤ እንዲያውም አንዴ አመስግነውታል። ለሚመለከተው ክፍል ደውሎ «ስሜ ናሁሰናይ ነው፤ በስህተት ነው» ብሏል። በጣም ጨዋ የሆነ ድምፅ፣ «ሶልያና፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አንድ ሰው ሲወጣ አንድ ሰው ይገባል። ማን ይውጣ?» ብሎ ጠየቀው። ናሁሰናይ እንግዳን ውጪ ማለት ነውር ሆነበትና ዘጋው።

እሁድ የመጀመሪያው ጉዞው ሆነ። ቡድኑ ሽንብራ ሜዳ ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ወፍራሙ ሰውዬ ገልመጥ አድርጎ አያቸው፤ ሁሉም አህያ መዞሪያ አሉ። ምሰሶው አረንጓዴ ነው። «እንኳን ደህና መጡ፣ እግረኛ» አለው። ገባ።

ሰፈሩ ውስጥ ተሰልፎ መግባት ይገርማል። ቤቶቹ አነሱበት። ፏፏቴውን ሌላ ሰው ጠግኖታል። ጥጉን ሲታጠፍ ጠቡ ደርሶ ነበር።

«መንገዱን ካባትሽ ነው የወረስሽው?» አለ ጋሽ ናቲ።

እትዬ ፌቨን ከሰደርያዎቹ መሃል ልጁን አይታዋለች። ጋሽ ናቲ አንድ ሁለቴ ብቻውን ተጣላና፣ የሚመልስለት ሲያጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ። «በስተቀኝ የምትሰሙት የሰፈር ጠብ ነው» አለች ሴትዮዋ ጆሮው ውስጥ። በስተቀኝ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሶልያና ከውስጥ ሻይ ይዛ ወጣች፣ አየችው፣ ሻዩን ይዛ ቆመች።

እትዬ ፌቨን ከቡድኑ ጎን ጎን እየሄደች መጣች። እንዲያ ነው እስከ ምሰሶው የተነጋገሩት፣ ሳያቆሙ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት እያዩ።

«ከሳህ።»

«ጨው የለውም ምግቡ።»

«ይቺ ልጅ ልብስ ስታሰጣ ገመዱን አትወጥርም። ሁሉ መሬት ይጎተታል።»

«ንገሪያት።»

«ነገርኳት። ስነግራት ታለቅሳለች።»

«እንግዲያው አትንገሪያት።»

«እንዴት አልነግራትም! ልብስ እየተጎተተ?» አለች። ቀጥላም፣ «ጎበዝ ናት። ቧንቧውን ድሮ ማማው ግድግዳ ላይ ባየችው ነው የጠገነችው» አለች፣ እንደ ክስ።

ምሰሶው ጋ ደረሱ። ቡድኑ መውጣት ጀመረ። ከጳጉሜ ወዲህ በአህያ መዞሪያ የተወሰነ ነገር አለ፤ ከምሰሶው አልፎ የሚሸኝ የለም። እትዬ ፌቨን ቆመች። አንድ እግሯ እንደለመደው ወጣ ብሎ ነበር፤ አየችውና መለሰችው።

«በል ሂድ» አለች።

«አንቺ መጀመሪያ ግቢ።»

«እንግዳ ሳይሄድ አይገባም። ሂድ።»

«አልዞርም አንቺ ቆመሽ እያየሽ።»

«እንግዲያው አትዙር» አለች።

«ቆማችኋል። ወደፊት እንቀጥላለን» አለች ሴትዮዋ።

ናሁሰናይ በጀርባው መሄድ ጀመረ። የብርሃኗን መስመር ቦታ በጀርባው አለፈ፣ አስፋልቱን በጀርባው ያዘ። አንዱን እግረኛ ረገጠ፣ ከአንዱ ጋር ተጋጨ፣ ወፍራሙ ሰውዬ ክንዱን ይዞ ጉድባውን አሳለፈው። እትዬ ፌቨን ምሰሶው ስር፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አጣጥፋ፣ እያነሰች ትታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል ሴትዮዋ ለቡድኑ ሳይሆን ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረች።

«እግረኛ፣ እባክዎ ፊትዎን ወደ ጉዞው ያዙሩ።»

«እሺ» አላት። አልዞረም።